የገለልተኝነት አፀግብሮት

የገለልተኝነት አፀግብሮት አሲድና ቤዝ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ጠባይ የሚያረክስበት፣ በውጤቱም ጨውና አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሚገኝበት ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ቃር የያዘው ሰው የሚውጠው ማስታገሻ ክኒን፣ አሲዳማ ማሳ ላይ የሚበተነው ኖራ፣ በቤተ ሙከራ ውስጥ ቀለሙን የሚቀይረው ሊትመስ ወረቀት ሁሉም የሚገለጹት በዚህ አፀግብሮት ነው።

አፀግብሮቱ በወረቀት ላይ የሚሰፍረው በኬሚካዊ እኩልታ ሲሆን፣ እኩልታው ትክክል የሚሆነው ሲመጣጠን ብቻ ነው። ማመጣጠን ለፈተና ብቻ የሚጠና ሥርዓት አይደለም። ምን ያህል አሲድ ለማርከስ ምን ያህል ቤዝ እንደሚያስፈልግ የሚነግሩት በእኩልታው ውስጥ ከየስሙ ፊት የሚቀመጡት ቁጥሮች ናቸው። ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ወደ አሲዳማነት በሚያደላው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ ለምሳሌ በከፋ ዞን በቦንጋና በቢታ ገነት ዙሪያ፣ የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም በኩንታል የሚቆጠር ነው።

አሲድ፣ ቤዝ እና ጨው

አሲድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ ነገር ነው። የሎሚና የአቼቶ ኮምጣጣነት፣ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚያመጣው ጣዕም ከአሲድ የመጣ ነው። በጨጓራ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

ቤዝ የሃይድሮጅን አዮንን የሚቀበል ነገር ነው። ብዙዎቹ የታወቁ ቤዞች በውሃ ውስጥ የሃይድሮክሳይድ አዮን ይሰጣሉ። የሃይድሮክሳይድ አዮን ከአንድ ኦክስጅንና ከአንድ ሃይድሮጅን የተሠራ፣ አንድ አሉታዊ ሙሌት ያለው ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በውሃ የበረደ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ) እና አሞኒያ ቤዞች ናቸው። የእንጨት አመድም ካርቦኔቶችን ስለሚይዝ በውሃ ሲበጠበጥ የቤዝ ጠባይ ያሳያል።

ጨው ሲባል በኬሚስትሪ የወጥ ጨው ወይም አሞሌ ብቻ ማለት አይደለም። ከቤዝ የመጣ አዎንታዊ አዮንና ከአሲድ የመጣ አሉታዊ አዮን የተጣመሩበት ውሑድ ሁሉ ጨው ይባላል። ስሙም ከሁለቱ ወላጆቹ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ክፍል ከቤዙ፣ ሁለተኛው ከአሲዱ።

• ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ክሎራይድ ይሰጣል።
• ሰልፈሪክ አሲድ ሰልፌት ይሰጣል።
• ናይትሪክ አሲድ ናይትሬት ይሰጣል።
• ፎስፎሪክ አሲድ ፎስፌት ይሰጣል።
• የአቼቶው አሴቲክ አሲድ አሴቴት ይሰጣል።

ስለዚህ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚገኘው ጨው ሶዲየም ናይትሬት ነው።

የአንድ ፈሳሽ አሲዳማነት በፒኤች ይለካል። በተለመደው የክፍል ሙቀት ፒኤች 7 ገለልተኛ፣ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ ቤዛማ ነው። መለኪያው በአሥር ብዜት የሚሄድ በመሆኑ ፒኤች 5 የሆነ ፈሳሽ ፒኤች 6 ከሆነው 10 እጥፍ፣ ፒኤች 7 ከሆነው ደግሞ 100 እጥፍ የሃይድሮጅን አዮን ክምችት አለው።

የሐሳቡ ታሪክ

የፈረንሳዩ ኬሚስት አንቷን ላቩዋዚዬ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በኬሚካዊ ለውጥ ውስጥ ቁስ እንደማይፈጠርና እንደማይጠፋ አስረግጦ ጻፈ። እኩልታ የሚመጣጠነው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ኤርሚያስ ቤንጃሚን ሪሽተር አሲዶችና ቤዞች እርስ በርስ ሲራከሱ የሚጠይቁትን መጠን እየመዘነ፣ የተወሰነ አሲድ ሁልጊዜ የተወሰነ ቤዝ እንደሚፈልግ አሳየ። ለዚህ የልኬት ጥናትም በ1792 እ.ኤ.አ. ስቶይኪዮሜትሪ የሚለውን ስም አወጣለት። ስለዚህ ዛሬ በሁሉም አፀግብሮቶች ላይ የሚሠራበት የኬሚካዊ ልኬት ስሌት ስሙን ያገኘው ከገለልተኝነት ጥናት ነው።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ በ1884 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ጨዎች፣ አሲዶችና ቤዞች በውሃ ውስጥ ወደ አዮኖች እንደሚለያዩ አስረዳ፤ በ1903 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። የፒኤች መለኪያን በ1909 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን ነው። በ1923 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ዮሃንስ ብሮንስቴድና እንግሊዛዊው ቶማስ ሎውሪ፣ በየፊናቸው፣ አሲድን የሃይድሮጅን አዮን ሰጪ፣ ቤዝን ደግሞ ተቀባይ ብለው ተረጎሙ። ይህ ትርጉም እንደ አሞኒያና እንደ ካርቦኔት ያሉትን፣ በቀመራቸው ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የሌላቸውን ቤዞች ጭምር ያካትታል።

ዋናው ለውጥ

ማንኛውም የአሲድና የሃይድሮክሳይድ ቤዝ መራከስ በውስጡ አንድ ዓይነት ነው።

1 የሃይድሮጅን አዮን + 1 የሃይድሮክሳይድ አዮን → 1 ውሃ

አንድ የሃይድሮጅን አዮን የሚረክሰው በአንድ የሃይድሮክሳይድ አዮን ነው፤ ይህ ልክ አይለወጥም። የሚለያየው አንድ የአሲድ ሞለኪውል ስንት የሃይድሮጅን አዮን እንደሚሰጥና ቤዙ ስንት የሃይድሮክሳይድ አዮን እንደሚይዝ ነው። እኩልታን የማመጣጠን ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማገናኘት ነው ማለት ይቻላል።

እኩልታን የማመጣጠን ቅደም ተከተል

በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ቀመሮች በላቲን ፊደላት ምልክት ይጻፋሉ። እዚህ የንጥረ ነገሮቹ ስም በሙሉ ተጽፏል፤ ቆጠራው ግን አንድ ነው። ለቆጠራው የሚያስፈልገው የየውሑዱ ይዘት የሚከተለው ነው።

• ውሃ፦ 2 ሃይድሮጅን፣ 1 ኦክስጅን
• ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፦ 1 ሃይድሮጅን፣ 1 ክሎሪን
• ሰልፈሪክ አሲድ፦ 2 ሃይድሮጅን፣ 1 ድኝ፣ 4 ኦክስጅን
• ፎስፎሪክ አሲድ፦ 3 ሃይድሮጅን፣ 1 ፎስፈረስ፣ 4 ኦክስጅን
• ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፦ 1 ሶዲየም፣ 1 ኦክስጅን፣ 1 ሃይድሮጅን
• ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ፦ 1 ማግኒዚየም፣ 2 ኦክስጅን፣ 2 ሃይድሮጅን
• ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፦ 1 ካልሲየም፣ 2 ኦክስጅን፣ 2 ሃይድሮጅን
• ካልሲየም ካርቦኔት፦ 1 ካልሲየም፣ 1 ካርቦን፣ 3 ኦክስጅን

ሥራው በአራት እርምጃ ይጠናቀቃል።

1. አሲዱንና ቤዙን ከቀስቱ በስተግራ፣ የሚገኙትን ጨውና ውሃ በስተቀኝ መጻፍ።
2. የጨውን ቀመር በሙሌት ማረጋገጥ። በጨው ውስጥ የአዎንታዊና የአሉታዊ ሙሌቶች ድምር ዜሮ መሆን አለበት። ካልሲየም 2 አዎንታዊ፣ ክሎራይድ 1 አሉታዊ ሙሌት ስላላቸው በካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ለ1 ካልሲየም 2 ክሎሪን ያስፈልጋል።
3. ከየውሑዱ ፊት ቁጥር በማስቀመጥ የየንጥረ ነገሩን አቶሞች በግራና በቀኝ እኩል ማድረግ። መጀመሪያ ብረቱን፣ ቀጥሎ የአሲዱን አሉታዊ ክፍል፣ ከዚያ ሃይድሮጅንን፣ በመጨረሻ ኦክስጅንን መቁጠር ሥራውን ያቀላል።
4. ሁሉንም እንደገና ቆጥሮ ማረጋገጥና ቁጥሮቹን ወደ ትንሹ ሙሉ ቁጥር ማውረድ።

ሰልፌትና ፎስፌትን የመሳሰሉ ብዙ አቶሞችን የያዙ አዮኖች በአፀግብሮቱ ውስጥ ሳይፈርሱ ስለሚያልፉ፣ እያንዳንዱን እንደ አንድ አሐድ መቁጠር ይቻላል።

ምሳሌ 1፦ አንድ ለአንድ

1 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ + 1 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ሶዲየም ክሎራይድ + 1 ውሃ

በግራ 2 ሃይድሮጅን፣ 1 ክሎሪን፣ 1 ሶዲየም፣ 1 ኦክስጅን አለ፤ በቀኝም እንዲሁ። እኩልታው ሲጻፍ ጀምሮ የተመጣጠነ ነው።

ምሳሌ 2፦ ሁለት ሃይድሮጅን ያለው አሲድ

ሰልፈሪክ አሲድ + ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → ሶዲየም ሰልፌት + ውሃ

ሰልፌት 2 አሉታዊ ሙሌት ስላለው በሶዲየም ሰልፌት ውስጥ 2 ሶዲየም ይገኛል። በግራ ግን ሶዲየም 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ፊት 2 ይቀመጣል። አሁን በግራ ያለው ሃይድሮጅን 4 (2 ከአሲዱ፣ 2 ከቤዙ) ስለሆነ ከውሃ ፊትም 2 ይቀመጣል።

1 ሰልፈሪክ አሲድ + 2 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ሶዲየም ሰልፌት + 2 ውሃ

ኦክስጅን ሲቆጠር በግራ 4 እና 2፣ ድምሩ 6 ነው፤ በቀኝም 4 እና 2፣ ድምሩ 6 ነው። ይህ በክብደትም ይረጋገጣል። 98 ግራም ሰልፈሪክ አሲድ 80 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈልጋል፤ 142 ግራም ሶዲየም ሰልፌትና 36 ግራም ውሃ ያስገኛል። በሁለቱም ወገን ድምሩ 178 ግራም ነው።

ምሳሌ 3፦ የጨጓራ አሲድ ማስታገሻ

በአንዳንድ የቃር መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኘው ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሁለት ሃይድሮክሳይድ ስላለው አንዱ ሁለት የአሲድ ሞለኪውል ያረክሳል።

2 ሃይድሮክሎሪክ አሲድ + 1 ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ማግኒዚየም ክሎራይድ + 2 ውሃ

ምሳሌ 4፦ ሦስትና ሁለት ሲገናኙ

ፎስፎሪክ አሲድ 3 ሃይድሮጅን፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ 2 ሃይድሮክሳይድ ይሰጣል። 3ና 2 እኩል የሚሆኑት 6 ላይ ነው። ስለዚህ ከአሲዱ 2፣ ከቤዙ 3 ይወሰዳል፤ የሚገኘው ውሃም 6 ይሆናል።

2 ፎስፎሪክ አሲድ + 3 ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ → 1 ካልሲየም ፎስፌት + 6 ውሃ

በካልሲየም ፎስፌት ውስጥ 3 ካልሲየምና 2 ፎስፌት አሉ። ሃይድሮጅን በሁለቱም ወገን 12፣ ኦክስጅን 14 ነው።

ከዚህ ምሳሌ አጭር ደንብ ይወጣል። የአሲዱ ሞለኪውሎች ቁጥር በሚሰጡት ሃይድሮጅን ሲባዛ፣ ከቤዙ ቁጥር በሚሰጠው ሃይድሮክሳይድ ከተባዛው ጋር እኩል መሆን አለበት። ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ትንሹ ቁጥር ከተገኘ፣ የውሃው ቁጥርም ራሱ ያ ነው።

ውሃ የማይገኝበትና ጋዝ የሚወጣበት ሁኔታ

አሞኒያ ቤዝ ቢሆንም ሃይድሮክሳይድ የለውም። ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጨው ብቻ ያስገኛል።

1 ናይትሪክ አሲድ + 1 አሞኒያ → 1 አሞኒየም ናይትሬት

ካርቦኔቶች ደግሞ ከጨውና ከውሃ ሌላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይሰጣሉ። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ላይ አቼቶ ሲፈስ የሚታየው አረፋ ይህ ጋዝ ነው።

1 ካልሲየም ካርቦኔት + 2 አሴቲክ አሲድ → 1 ካልሲየም አሴቴት + 1 ውሃ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

አሴቲክ አሲድ በሞለኪውሉ ውስጥ 4 ሃይድሮጅን ቢኖረውም እንደ አሲድ የሚሰጠው 1 ብቻ ነው፤ ሦስቱ ከካርቦን ጋር ጠብቀው የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ ለደንቡ የሚቆጠረው ሃይድሮጅን ሁሉ ሳይሆን የሚለቀቀው ሃይድሮጅን ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

• ቀመሩን መለወጥ። አቶሞች እኩል አልሆን ሲሉ በውሑዱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ቁጥር መቀየር ሌላ ውሑድ መጻፍ ነው። ውሃ ላይ አንድ ኦክስጅን ቢጨመር ውሃ መሆኑ ቀርቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሆናል። የሚለወጠው ከፊት ያለው ቁጥር ብቻ ነው።
• የአሲዱን ሃይድሮጅን ብቻ ቆጥሮ የቤዙን መርሳት። ውሃው የሚሠራው ከሁለቱም በሚመጣ ሃይድሮጅን ነው።
• የፊት ቁጥሮችን እንደ ግራም መቁጠር። ቁጥሮቹ የሞለኪውል ወይም የሞል ልክ ናቸው። ወደ ክብደት ለመለወጥ በየውሑዱ የሞል ክብደት መባዛት አለባቸው።
• ጨው ሁሉ ገለልተኛ ነው ብሎ ማሰብ። ከጠንካራ አሲድና ከደካማ ቤዝ የሚገኘው አሞኒየም ክሎራይድ በውሃ ውስጥ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ሶዲየም ካርቦኔት ደግሞ ቤዛማ ነው።

በአፈር ውስጥ፦ የከፋ ዞን ምሳሌ

በኢትዮጵያ ይህ አፀግብሮት በሰፊው የሚፈለገው ከቤተ ሙከራ ይልቅ በማሳ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት መሠረት በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። ችግሩ የሚበረታው ዝናብ በሚበዛባቸው የምዕራብ፣ የሰሜን ምዕራብ፣ የደቡብና የደቡብ ምዕራብ ከፍተኛ ቦታዎች ነው።

ከፋ ዞን ከእነዚህ አንዱ ነው። ዞኑ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ይገኛል። ዋና ከተማው ቦንጋ ሲሆን፣ ቢታ ገነት ከቦንጋ በስተምዕራብ የምትገኝ የቢታ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው የዱር ቡና በሚበቅልበት ጥቅጥቅ ደን የታወቀ ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. የከፋን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ መዝግቦታል። ደኑን የሚያለመልመው የበዛ ዝናብ ግን በታረሰ መሬት ላይ ሌላ ሥራ አለው። ውሃው ወደ ታች ሲሰርግ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም የመሳሰሉትን አዮኖች አጥቦ ይወስዳል፤ በቦታቸው ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይተካሉ። እህሉ ሲታጨድና ገለባው ከማሳው ሲወጣም የተወሰኑት አዮኖች አብረው ይሄዳሉ።

ማዳበሪያም የራሱ ድርሻ አለው። ከዩሪያ የሚገኘው አሞኒየም በአፈር ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለወጥ የሃይድሮጅን አዮን ይለቀቃል።

1 አሞኒየም አዮን + 2 ኦክስጅን → 1 ናይትሬት አዮን + 2 የሃይድሮጅን አዮን + 1 ውሃ

እዚህ ኦክስጅን የሚለው በአየር ውስጥ ያለውን፣ ሁለት አቶም ያለውን ሞለኪውል ነው። በእኩልታው ውስጥ አዮኖች ስላሉ አቶም ብቻ ሳይሆን ሙሌትም መመጣጠን አለበት። በግራ 1 አዎንታዊ ሙሌት አለ፤ በቀኝ 2 አዎንታዊና 1 አሉታዊ፣ ውጤቱ 1 አዎንታዊ ነው።

የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥርን እድገት ያቀጭጫል፤ ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለተክሉ አይደርስም። ማዳበሪያ የተጨመረበት ገብስ፣ ስንዴ ወይም ባቄላ ሳይጠግብ ቢጫ ሆኖ የሚቀርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ቤዝ ነው። የግብርና ኖራ በአብዛኛው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው።

1 ካልሲየም ካርቦኔት + 2 የሃይድሮጅን አዮን → 1 የካልሲየም አዮን + 1 ውሃ + 1 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ጎጂው አሉሚኒየምም ወደማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል።

2 የአሉሚኒየም አዮን + 3 ካልሲየም ካርቦኔት + 3 ውሃ → 2 አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ + 3 የካልሲየም አዮን + 3 ካርቦን ዳይኦክሳይድ

የአሉሚኒየም አዮን 3 አዎንታዊ፣ የካልሲየም አዮን 2 አዎንታዊ ሙሌት ስላላቸው፣ በሁለቱም ወገን ያለው ድምር 6 አዎንታዊ ነው። ኦክስጅን በሁለቱም ወገን 12 ነው።

ከእኩልታ ወደ ኩንታል

ለምሳሌ በቢታ ገነት አካባቢ ያለ አንድ ሄክታር ማሳ ይታሰብ። የአፈር ምርመራው በአንድ ኪሎ ግራም አፈር ውስጥ 0.02 ሞል የሚረክስ አሲዳማነት አሳይቷል እንበል። ኖራው ከአፈሩ ጋር የሚቀላቀልበት ጥልቀት 15 ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ ሜትር ኩብ አፈር ክብደት ደግሞ 1.2 ቶን ቢሆን፣ ስሌቱ እንደሚከተለው ነው።

• የአፈሩ ይዞታ፦ 10,000 ካሬ ሜትር በ0.15 ሜትር ሲባዛ 1,500 ሜትር ኩብ
• ክብደቱ፦ 1,500 በ1.2 ሲባዛ 1,800 ቶን፣ ማለትም 1,800,000 ኪሎ ግራም
• ጠቅላላ አሲዳማነቱ፦ 1,800,000 በ0.02 ሲባዛ 36,000 ሞል
• የሚያስፈልገው ካልሲየም ካርቦኔት፦ 1 ካርቦኔት 2 ሃይድሮጅን ስለሚያረክስ 36,000 ለ2 ሲካፈል 18,000 ሞል
• በክብደት፦ የ1 ሞል ካልሲየም ካርቦኔት ክብደት 100 ግራም ስለሆነ 1,800 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 18 ኩንታል

እኩልታው ሳይመጣጠን አንድ ለአንድ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ 36 ኩንታል ይል ነበር። በሃይድሮጅን ፊት የተቀመጠችው 2 የምትወክለው ተጭኖ የሚመጣ፣ የሚከፈልበትና በሰው ትከሻ የሚበተን 18 ኩንታል ትርፍ ኖራ ነው።

ይህ ስሌት መነሻ እንጂ የመጨረሻ ምክር አይደለም። የኖራው ንጽሕና 80 በመቶ ቢሆን 18 ለ0.8 ተካፍሎ 22.5 ኩንታል ይሆናል። የአፈጫጨቱ ልስላሴና የሰብሉ ዓይነትም መጠኑን ይቀይራሉ። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው ከራሱ ከማሳው በተወሰደ አፈር ምርመራ ነው። የኖራ ድንጋይ በውሃ ውስጥ በጣም በጥቂቱ ስለሚሟሟ አፀግብሮቱ ዝግ ያለ ነው፤ በመሆኑም ኖራ ከዘር በፊት አስቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር በደንብ ይታረሳል።

ኖራና ጀሶ

ኖራና ጀሶ ሁለቱም ነጭ ዱቄት፣ ሁለቱም ካልሲየም ያለባቸው ናቸው። ጀሶ ግን ካልሲየም ሰልፌት ነው፤ ይኸውም የጠንካራው የሰልፈሪክ አሲድ ጨው ነው። ሰልፌት የሃይድሮጅን አዮንን ከአፈሩ የመቀበል ችሎታው እጅግ ደካማ ስለሆነ ጀሶ የአፈርን ፒኤች እንደ ኖራ ከፍ አያደርግም። አሲድን የሚያረክሰው ካልሲየሙ ሳይሆን አብሮት ያለው ካርቦኔት ወይም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሁለቱን ለመለየት አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ይረዳል፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄት አረፋ ይሰጣል፣ ንጹሕ ጀሶ ግን አይሰጥም።

በውሃ የበረደ ኖራም ከካርቦኔቱ ይለያል። አንዱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ እንደ አንዱ ካርቦኔት 2 የሃይድሮጅን አዮን ያረክሳል፤ የሞል ክብደቱ ግን 74 ግራም ነው። ስለዚህ 74 ኪሎ ግራም የበረደ ኖራ የ100 ኪሎ ግራም ካልሲየም ካርቦኔትን ሥራ ይሠራል። ይሁን እንጂ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል አያያዙ ከባድ ነው። አረፋም ብዙ ስለማይሰጥ በአቼቶ ሲፈተን ከጀሶ ጋር ሊያሳስት ይችላል።

ማርከስ የማያስፈልግበት ቦታ

አሲዳማነት ለሁሉም ተክል ጠላት አይደለም። ሻይ አሲዳማ አፈርን ከሚወዱ ሰብሎች አንዱ ነው፤ በዚያው በከፋ ዞን፣ ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ፣ የውሽውሽ የሻይ እርሻ ይገኛል። ቡናም በመጠኑ አሲዳማ በሆነ አፈር ላይ ይስማማዋል። ለገብስ ማሳ የተሰላ ኖራ በሻይ ማሳ ላይ ቢበተን ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ለኖራ ፈላጊ ሰብልም ቢሆን ከልክ ያለፈ ኖራ ጥሩ አይደለም። ፒኤች ከሚገባው በላይ ሲወጣ ዚንክ፣ ብረትና ማንጋኒዝ ለተክሉ የማይገኙ ይሆናሉ። በእኩልታው ቋንቋ ሲነገር፣ አሲዱ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ቤዝ የሚያረክሰው ነገር ስለሌለው ቤዝ ሆኖ ይቀራል።

ጥንቃቄ

የጠንካራ አሲድና የጠንካራ ቤዝ መራከስ ሙቀት ያወጣል። አሲድ ወደ ውሃ ቀስ ተብሎ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ ጠንካራ አሲድ አይጨመርም። ቆዳ ላይ የፈሰሰ አሲድ በሌላ ቤዝ ሳይሆን በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ምክንያቱም ቤዙ ራሱ ሊያቃጥል፣ ከመራከሱ የሚወጣው ሙቀትም ቁስሉን ሊያብስ ይችላል። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ማርከስ አይደለም፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

ኖራ በሚበተንበት ጊዜም አፍንጫንና አፍን መሸፈን፣ ዓይንን መጠበቅና ነፋስን ከኋላ አድርጎ መበተን ይመከራል።